ስማቸውን ከነአያታቸው ጻፍኩት

እኔ የታሰርኩት መንግሥት ራሱ አሳትሞ በላከው መጽሐፍ ነው። ይህን ስናገር ሰው ቀልድ ይመስለዋል፤ ቀልድ አይደለም። ከውይይት ክበቡ አዳራሽ ሲወስዱኝ መጽሐፉ በእጄ ነበር። ከሁለቱ አብዮት ጠባቂዎች አንዱ "እሱንም ያዘው፣ ማስረጃ ነው" አለኝ። ማስረጃዬን ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ።

መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ ሽፋኑ ቀይ። የሚለው ባጭሩ፣ የኢትዮጵያ ኅብረተሰባዊነት ከራሷ ባህልና አፈር ይነሣል፣ ከማንም አይቀዳም ነው። ችግሩ የመጣው ከመንገዱ ነው። በዚያ ክረምት ከወልድያ የሚያመጣው መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ስለነበር መጽሐፉ በበቅሎ ተጭኖ መስከረም ካለፈ በኋላ ደረሰን። እኛ ዘንድ ሲደርስ አዲስ አበባ ላይ ዘመኑ ተገልብጧል። ሞስኮ ወዳጅ ሆናለች፤ ሶሻሊዝም በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የሶቪየቶቹ ነው ተብሏል፤ የራስ አፈር የሚል ሰው አድኃሪ ሆኗል። ይህን የነገረን አልነበረም። እኛ ላስታ ተቀምጠን ያለፈበትን መስመር ከልባችን እናስተምር ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። የላሊበላ ካህናት ልጅ ነኝ፤ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ ወጣሁ፣ ዲቁናውንም ተውኩ፣ አባቴም በዚህ አኮረፈኝ። ክበቡ ሲቋቋም ማንበብ የሚችል ሰው ተፈለገና እኔ አንባቢ ሆንኩ። የሠራሁትም እንደለመድኩት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት መጽሐፍ ዝም ብሎ ተነብቦ አይታለፍም፤ ይተረጎማል፣ ምሳሌ ይመጣለታል፣ ከአገሩ ነገር ጋር ይገጠማል። ቀዩን መጽሐፍ እንደ ዳዊት አድርጌ ተረጎምኩት። ከሬዲዮና ከአሮጌ ጋዜጣ የለቀምኩትንም ጨመርኩበት፦ ዩጎዝላቪያ የሚባል አገር አለ፣ ሶሻሊስት ነው፣ ግን ትልቁ ሶሻሊስት "እንደኔ ሁን" ሲለው እምቢ ብሎ በራሱ መንገድ ሄደ፣ እስከ ዛሬም አልጠፋም አልኳቸው። ሰው ወደደው። እምቢ ያለ ሰው ወሬ ላስታ ውስጥ መቼም ይወደዳል።

ለምሳሌም ሩቅ አልሄድኩም። ከነአኩቶ ለአብ የዋሻ ደብር በላይ ባለ አንድ መንደር የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሥራውን ሁሉ በወንፈል አደራጅተውት ነበር። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ላንተ አርሳለሁ፣ ነገ አንተ ለኔ ታርሳለህ ነው፤ የኖረ ነገር ነው። እሳቸው ግን ጨመሩበት። የመበለቶቹ ማሳ ይቅደም አሉ፤ የታመመ ሰው የቀረበት ቀን አይቆጠርበትም አሉ። እኔ ሄጄ አየሁና ልቤ ዘለለ። ለአውራጃው ሪፖርት ጻፍኩ። እነዚህ ገበሬዎች ሶሻሊዝምን ከሞስኮም ከፔኪንግም አልተማሩም፣ መማርም አያስፈልጋቸውም ብዬ ጻፍኩ። የሊቀ መንበሩንም ስም ከነአባታቸው ከነአያታቸው አሰፈርኩ። የተከበረ ሰው ስም እንዲያ ነው የሚጻፈው። ስጽፍ በብዕሬ ኮርቼ ነበር፤ ዛሬ ያን ኩራቴን ሳስታውስ ያመኛል።

ያሰሩን ከአንድ ባላባት በተወረሰ ክብ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ባለ ሁለት ደርብ ቤት ላሊበላ ውስጥ ብዙ ነበር፤ ከብት ከታች፣ ሰው ከላይ ያድርበታል። እኛ ከታች ነበርን፤ ምርመራው ከላይ። በመሐል ያለው የጽድ ወራጅና በላዩ የተመረገ ጭቃ ብቻ ነው። ከላይ ሰው ሲወድቅ ከታች አቧራ ይረግፋል። ማን እንደሚገረፍ ከድምፁ፣ የት ላይ እንዳጋደሙት ከአቧራው እናውቃለን። አቧራው የሚረግፍበት ሰው ብድግ ብሎ ወደ ሌላው ጥግ ይጠጋል፤ የክፍሉ ደንብ ነበር።

በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ መጀመሪያ የገጠመኝ የቆየ የከብት ሽንትና የቁስል ሽታ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰዎች አየሁ። ግድግዳውን ተደግፈው እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው የተቀመጡት ሰው ሊቀ መንበሩ ነበሩ።

"መምህር!" አሉኝ። "አንተንም? አንተኮ የነሱ ሰው ነህ፣ በምን አመጡህ?"

ሁሉም አያ ይላቸው ነበር፤ እኔም አያ አልኳቸው። እየተሳቡ ቦታ ለቀቁልኝና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በታች ሊጥ መስሎ አብጧል። ውስጥ እግራቸውን ላለማየት ፊቴን አዞርኩ።

"ስንት ቀንዎ ነው?"

"አምስት ቀኔ። ኸማሳ ነው ያመጡኝ፣ በሬዎቼን እንኳ ሳልፈታ።"

"ምን ይሉዎታል?"

"እንጃ ልጄ። ዩጎዝላቪያ ይሉኛል። ማነው ኸዩጎዝላቪያ የመጣው፣ ማነው ያስተማረህ ይሉኛል። እኔ ኸወልድያ ወዲያ አላውቅ። ሰው ነው አገር?"

"አገር ነው።"

"ሩቅ?"

"በጣም ሩቅ ነው።"

ጥቂት አሰቡ። "እንዲያ ኸሆነ አውቀዋለሁ ብላቸው ምን ይለኛል? ሩቅ ያለ አገር መጥቶ አይመሰክርብኝ። ይተዉኝ ይሆን?"

"አያ፣ በሞቴ! እንዲህ እንዳይሉ። አዎ ካሉ ይገድሉዎታል።"

"እንግዲያ አላውቅም እላለኋ። እውነቱስ ይኸው አይደል።"

በዚያች ደቂቃ መናገር ነበረብኝ። ዩጎዝላቪያን የተናገርኩት እኔ ነኝ፣ ስምዎን የጻፍኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ውሃ ከቅሉ ቀድተው ሰጡኝ፤ ጠጣሁና ዝም አልኩ።

ከሦስት ቀን በኋላ ለመምሬ ተናገርኩ። መምሬ የነአኩቶ ለአብ ቄስ ናቸው፤ የዋሻውን ደብር ቁልፍ ለማንም አላስረክብም ብለው የታሰሩ። ዲቁናውን ብተውም ልማዱ አልተወኝም፤ ጥግ ይዘው ሲያንጎላጁ ተጠግቼ ነፍሴን ተናዘዝኩላቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ሰሙኝ።

"ለኔ የነገርከኝ ለእግዜር ነው" አሉኝ። "ለሳቸው ደግሞ ለሳቸው ንገር።"

"ቀኖና ይስጡኝ።"

"ቀኖናህ ይኸው ነው። እስከ እሑድ ንገራቸው።"

"መምሬ፣ ስግደት ያርጉልኝ። መቶም ሁለት መቶም ይሁን፣ በዚህ እግሬ እሰግዳለሁ።"

"ስግደት እያበዛሁ አላስመልጥህም" አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። እሑድ መጣ፣ አለፈ። እሳቸውም አንዲት ቃል አልጨመሩም፤ አያ ከኔ ጋር ሲጫወቱ ግን ተነሥተው ይርቁ ነበር።

በዚህ መሐል የኔም ተራ ደረሰ። መርማሪው ሞስኮ ስድስት ወር ተምሮ የመጣ ካድሬ ነው። ከዚያ ያመጣውን ወፍራም ካፖርት በላሊበላ ፀሐይም አያወልቅም። ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይቆጣም። እጄን ከጉልበቴ በታች አሰሩኝ፣ በጉልበቴና በክንዴ መሐል አጣና አሳለፉ፣ አጣናውን በሁለት ጠረጴዛ ላይ ጫኑት። ወፌ ላላ የሚሉት ይህን ነው። ሰው ሲገለበጥ ውስጥ እግሩ ወደ ላይ ይቀራል። ያጎረሱኝ ጨርቅ ከኔ በፊት የሌላ ሰው አፍ ውስጥ የነበረ ነው፤ እስካሁን ከሕመሙ ይልቅ እሱ ይመጣብኛል። የመጀመሪያዎቹ ምቶች እንደ እሳት ይፋጃሉ። በኋላ እግር መሆኑ ይቀርና ከጭንቅላት ውስጥ የሚመቱህ ይመስልሃል። ሽንቴ ፊቴ ላይ ወረደ።

ጨርቁን ሲያወጡልኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ዩጎዝላቪያን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ከሬዲዮ ነው የሰማሁት፣ ሰውየው የአገሩን ስም እንኳ አያውቁም አልኩ።

መርማሪው በትዕግሥት ሰማኝ። "አምንሃለሁ" አለ። "ግን አንተ ምን ትሠራልኛለህ? አንድ ከቅኔ ቤት የወጣ ዲያቆን ብገድል የቱ ገበሬ በሬውን ያዋጣል?"

ያኔ ገባኝ። አዲሱ መመሪያ ገበሬው በሬውንና ማረሻውን ሁሉ አንድ ላይ አግብቶ የአምራቾች ማኅበር ይሁን ይላል፣ እንደ ሶቪየቶቹ። አያ ደግሞ ከግብርና ቢሮ ለመጣው ሰው "እጃችንን አንድ አድርገናል፣ በሬያችንን ተዉልን" ብለው መልሰው ነበር፤ ዙሪያው ሁሉ እሳቸውን ይጠብቃል። እሳቸው የባዕድ አገር ተላላኪ ነበርኩ ብለው ቅዳሜ ገበያ ላይ ቢቆሙና ቢገደሉ በሬው ሁሉ በሳምንቱ ይሰበሰባል። ከኔ የሚፈለገው ምስክርነት ብቻ ነው፦ ይህን ሁሉ የነገረኝ እሱ ነው የሚል አንድ ገጽ።

በሦስተኛው ግርፋት እፈርማለሁ አልኩ። ይህን ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ግን ብያለሁ። እርሳሱን ሰጡኝ፤ እጄ ከገመዱ የተነሣ አብጦ ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ። እርሳሱ ሁለት ጊዜ ወደቀ። መርማሪው ሳቀ። "ነገ ይሻልሃል" ብሎ ወደታች አወረደኝ። ያን ዕለት ያዳነኝ እብጠቱ እንጂ ሌላ ነገር አይደለም።

ከዚያ ስወርድ መራመድ ስለማልችል አያ ደረታቸው ላይ አስደግፈው ውሃ አጠጡኝ። "አይዞህ፣ አይዞህ" ይሉኛል። ቅቤ የለም፣ መድኃኒት የለም፤ ነጠላቸውን በጥርሳቸው ቀደው እግሬን ጠቀለሉልኝ። መምሬ ከወዲያ ጥግ ያዩናል።

በማግሥቱ ጧት ሁለታችንንም ጠሩን። ደረጃውን በእጅና በጉልበታችን ነው የወጣነው። ላይ መስኮት አለ፤ ዓይናችን በብርሃኑ ተጨናበሰ። መርማሪው ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቶ ይጠብቀን ነበር። ከሩቅ አወቅኩት፣ የገዛ እጅ ጽሕፈቴ ነው።

"ይህን ማን እንደጻፈው ታውቃለህ?" አላቸው። እሳቸውን አንተ ይላቸዋል፤ አባቱ በሆኑ።

"አላውቅም።"

አነበበው። ስማቸው ከነአባታቸው ከነአያታቸው ሲጠራ አያ ቀና አሉ። ሲጨርስ በጣቱ ወደኔ አሳየ። "እሱ ነው። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ አብሮህ የበላው። አንተን እዚህ ያመጣህ ሰው ይኸውልህ።"

አያ አዩኝ። እኔ ወለሉን አየሁ። ወለሉ ላይ የደረቀ ደም ነበር፤ የኔ ይሁን የሳቸው ለይቼ አላውቅም።

"እስቲ ይድገሙልኝ" አሉት መርማሪውን።

ደስ አለው። ቀስ እያለ፣ ቃል በቃል ደገመላቸው።

"የመበለቶቹን ማሳ አስቀድመን ማረሳችንን ጽፏል?"

"ጽፏል።"

"የታመመው ቀን እንዳይቆጠርበት ማለታችንንስ?"

"አሁን አነበብኩልህ እኮ።"

"እውነት ነው" አሉ አያ። "የሠራነውን ነው የጻፈ። አንድም አልጨመረ።"

መርማሪው ወረቀቱን አጠፈው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ጥግ ከነበረው የተወረሰ ዕቃ ክምር ጅራፍ አነሣ፤ የበሬ ጅራፍ ነው፣ ከሆነ ገበሬ ቤት የመጣ። አያን አስያዛቸው። "ግረፈው" አለ። "እስክልህ ድረስ ግረፈው። እሱን ከገረፍክ ዛሬ አንተን የሚነካህ የለም።"

አያ በዚያ እግራቸው ቀጥ ብለው ቆሙ። ጠባቂዎቹ ሸሚዜን ገፈፉኝ። እኔ እውነቱን ልናገር፣ ቢገርፉኝ በወደድኩ። ሲያንስብኝ ነው አልኩ በልቤ፤ ጀርባዬን አመቻቸሁላቸው።

እሳቸው ግን ጅራፉን ይመረምራሉ። ጠፍሩን በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉት። "ጥሩ ጠፍር ነው" አሉ። "የማን ይሆን? ባለቤቱ ይፈልገዋል።"

"ግረፍ አልኩህ!"

"ጌታው፣ እኔ በጅራፍ በሬም አልመታ። ኸላዩ ላይ አጩኼ እነዳለሁ እንጂ።"

ጅራፉን በክንዳቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ጫፉን በመሐል አሳለፉት፣ ሁለት እርምጃ ሄደው ግድግዳው ላይ ካለው የቀንድ መስቀያ ሰቀሉት። ማንም ገበሬ ከማሳ ሲገባ የሚያደርገው ነው። ከዚያ ተመልሰው ከጎኔ ቆሙ።

መርማሪው እርሳሱን ወደኔ ገፋ። "አንተ ና። እጅህ ዛሬ ደህና ነው፤ ፈርም።" እጄ ደህና ነበር። "አልፈርምም" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ የሌላ ሰው መሰለኝ። በሽጉጡ እጀታ አፌ ላይ መታኝ፤ ሁለቱን የፊት ጥርሶቼን ከደሙ ጋር ተፋኋቸው። በደረጃው ላይ ወረወሩኝ፤ በሩ ተከፍቶ ከታች ሰዎቹ መሐል ወደቅኩ።

ከዚያ አቧራው ጀመረ። ድምፅ የለም፤ አፋቸው ውስጥ ጨርቅ አለ። አቧራ ብቻ፣ ከክፍሉ መሐል። ከሥሩ የነበሩት ሰዎች እንደልማዱ ብድግ ሊሉ ሲሉ እኔ እየተሳብኩ ገብቼ ከሥሩ ተቀመጥኩ። መምሬ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ የተነሣ ሰው አልነበረም። ሁላችንም በአንድ ቦታ ተጨናንቀን ራሳችን ላይ እየረገፈ ቆየን። ከሦስት ሰዓት ግድም እስከ ቀትር ነው። መጨረሻው ላይ በወራጆቹ መሐል የሚወርደው አቧራ ብቻ አልነበረም፤ የመምሬ ነጭ ጥምጥም ላይ አየሁት።

አወረዷቸው። ጎናቸው ተሰብሯል፤ ሲተነፍሱ ይሰማል። ራሳቸውን ጭኔ ላይ አደረግኩ። አፌ አብጦ ቃል አልወጣ ይለኛል።

"አያ... እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

"ሰማሁ እኮ። ሁለቴ ነው ያስነበብኩት።"

"ይቅር ይበሉኝ።"

ዓይናቸውን ጨፈኑ። የሞቱ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

"በጻፍኸው አልተቀየምኩም" አሉ። "አሥራ አንድ ቀን አብረን ስንተኛ አለመንገርህ ነው ያስከፋኝ።"

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። አልጠበቅኩም፣ ዛሬም አላሉም ብዬ ነው የምናገረው። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ትንፋሻቸው ቆመ። መዘመር ክልክል ስለሆነ መምሬ ፍትሐቱን በሹክሹክታ አደረሱ፤ የጸሎቱን መልስ፣ ተሰጥኦውን፣ የምቀበል ዲያቆን እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በተሰበረ ጥርሴ ተቀበልኩ። ሲመሽ ጠባቂዎቹ ወስደው ከቤቱ ጀርባ ካለው ወይራ ሥር ቀበሯቸው፤ በግድግዳው ስንጥቅ አይቻለሁ።

ቅዳሜ ሚስታቸው ስንቅ ይዘው ከበሩ መጡ። "እዚህ የለም፣ ወልድያ ተዛውሯል" ሲላቸው ጠባቂውን ሁላችንም ሰማነው። "እንግዲያ ስንቁን ወልድያ አደርስለታለሁ" አሉ። ድምፅ ያሰማ ይረሸናል ተብለናል። አንዳችንም አልጮህንም።

ከሁለት ዓመት በኋላ በፈረሙልኝ ሳይሆን በረሱኝ ሰዎች ተፈታሁ። ላሊበላ መቀመጥ አቃተኝና ፍላቂት የምትባል ከተማ ሄጄ ፊደል አስተምር ጀመር። የአያ አገር ሰዎች በሬ ያኔውኑ ተሰብስቦ ነበር፤ ብዙው በአንድ በጋ አለቀ። እኚያ ሴት ወልድያ ሄዱ፣ ደሴ ሄዱ፣ ወገል ጤናም ድረስ ሄደው እስር ቤቱን ጠየቁ ሲባል እሰማለሁ። በእግር፣ ስንቅ ይዘው። እሰማለሁ፣ አልሄድም። አንድ የገበያ ቀን ፍላቂት መጡ። የበሶ ስልቻቸውን አንግተው ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ከዘበኛው ጋር ሲነጋገሩ አየሁና ከገብስ ጫኝ መኪና ጀርባ ተደበቅኩ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ የተቃረብኩ ሰው፣ ከአንዲት እናት ተደበቅኩ።

ዛሬ ሽማግሌ ነኝ። ክቡ ቤት ፈርሶ በቦታው ማረፊያ ተሠርቷል፤ ከዚያ ወዲህም ስንት ጦር በላያችን ላይ አልፏል። ወጣቶች ሶሻሊዝም ምን ነበር ይሉኛል፤ ሞስኮ ራሷ የተወችውን ነገር ለመጠየቅ ነው። እኔ ያን ቀይ መጽሐፍ በተረጎምኩት ልክ ነበርኩ እላለሁ፣ አሁንም። የራስን ነገር በራስ መንገድ መሥራት ይቻል ነበር፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ይህን ስናገር በልቤ የምቆጥረው ግን ያን አሥራ አንድ ቀንና በፍላቂት ዝም ያልኩበትን ጊዜ ነው። ስለ ዓለም ሶሻሊዝም ለመናገር ድፍረት ያላጣሁ ሰው ለሁለት ሰዎች እውነት መንገር አቅቶኝ ነበር።

ፍላቂት ከተደበቅኩበት የገበያ ቀን በኋላ በሳምንቱ ተነሥቼ ነበር። ሁለት ቀን በእግሬ ሄጄ ቤታቸው ደረስኩ። መምህሩ መሆኔን አወቁኝ፤ ደስ አላቸው። ከመንገድ ለገባ እንግዳ እንደሚደረገው አስቀምጠውኝ ገበቴና ሞቅ ያለ ውሃ ይዘው መጡ፤ እምቢ ብልም አልሰሙኝም። ጫማዬን አወለቁ፣ ቀኝ እግሬን ውሃው ውስጥ አደረጉ፣ ውስጥ እግሬን በእጃቸው ሲያሹ ቆም አሉ። ገልብጠው ጠባሳውን አዩት።

"የሱም እግር እንዲህ ነው?" አሉኝ።

"ነው" አሉኝ እንጂ "ነበር" አላሉም። በሕይወት ያሉ መስሏቸዋል።

"እትዬ" አልኩ፣ "አያ አርፈዋል።"

እግሬን አልለቀቁም። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሪፖርቱን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ ጅራፉን፣ አቧራውን፣ እሳቸው ከበሩ ሲመጡ ዝም ማለታችንን፣ ፍላቂት ከመኪናው ጀርባ መደበቄን። ስጨርስ ውሃው ቀዝቅዞ ነበር።

"አፈር አግኝቷል?" አሉ።

"አግኝተዋል። መምሬ ፍትሐት አድርሰውላቸዋል። ቦታውን አውቀዋለሁ።"

"ታሳየኛለህ?"

"አሳይዎታለሁ።"

ውሃውን ደጅ ወጥተው ደፉት፤ ሌላ ሞቅ ያለ ይዘው ተመለሱና እፊቴ ተንበረከኩ።

"እንግዲያ መንገድ አለብን" አሉኝ። "ያኛውንም እግርህን ስጠኝ።"